ቁርስ በልተሃል?

መስከረም 20

ዛሬ ጠዋት መርዶ ነበረን። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያሉት እናት፣ ልጃቸው አዲስ አበባ ከሞተ አምስት ቀኑ ነው። መስቀላቸውን ይብሉ ብለን መርዶውን ያዝነው። አምስት ቀን ሙሉ በደጃቸው እያለፍን "እንኳን አደረስዎ" አልናቸው። ክትፎ ጋበዙን፣ በላን።

ዘመድኩን አብሮኝ ነበር። የዕድሩ ጸሐፊ እሱ ነው፤ መርዶ ነጋሪው ግን እኔ ነኝ። ሃያ ዓመት ሆነኝ። ማን ሾመኝ? ማንም። የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ስለነበርኩ የቡታጅራን ደጃፍ ሁሉ አውቃለሁ። ሰው በሩን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው እጄን ነበር። ደብተር ከያዝኩ ለቆጣሪው ነው፣ ፈገግ ይላል። ባዶ እጄን ከሆንኩ... ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሁልጊዜ ባዶ እጄን ነኝ። አንዳንዱ ከሩቅ ሲያየኝ መንገድ ይሻገራል።

ዘመድኩንን እያስለመድኩት ነው። በመጀመሪያ ቁርስ በልታችኋል ወይ ብለህ ጠይቅ፣ ባዶ ሆድ መርዶ አይችልም። ሩቅ ላለ ሰው በስልክ ከሆነ ደግሞ በጭራሽ ሞተ አትበል። "ደህና ነው፣ ትንሽ ደክሞት ነው፣ ለማንኛውም ኑ" በል፣ ስልክህን ዝጋ። ሰሚው ይገባዋል።

ስንመለስ ዳገቷ ላይ ደረቴን ያዘኝ። ቀበቶ አስሮ የሚያጠብቅብኝ ሰው ያለ መሰለኝ። ድልድዩ ላይ ቁጭ አልኩ። የመስቀል ሥጋ ነው አልኩት ዘመድኩንን። ጥቂት ቆይቶ ለቀቀኝ። ከነሐሴ ወዲህ ሦስተኛዬ ነው። ለሲፈን አልነገርኳትም። ሚስት ሁሉንም ማወቅ የለባትም።

መስከረም 21

ሲፈን አወቀች። ዘመድኩን ነግሯት ነው። ምስጢር መያዝ ያስተማርኩት ሰው...

ሆስፒታል ወሰደችኝ። ደረቴ ላይ ገመድ ለጣጠፉ፣ ወረቀት አወጡ፣ አዲስ አበባ ሂድ አሉኝ።

መስከረም 26

አዲስ አበባ፣ ይታገሱ ቤት። ብርሃኔ እንደ እሑድ ልማዷ ከቡታጅራ ማዶ ካለችው ከተማ ከቆሼ ደወለች። ታላቅ እህቴ ናት፣ የይታገሱ እናት። ለእኔና ለሲፈን ልጅ አልተሰጠንም፤ ይታገሱን ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ያሳደግነው እኛ ነን። ስለዚህ ሁለት እናት አለው፣ ሁለቱም ይቆጡታል።

የደረቴን ነገር ስነግራት ሳቀችብኝ። "እኔንም ይይዘኛል እኮ። ጨጓራ ነው፣ ተልባ ጠጣ።" በርበሬ ስትለቅም ይይዛታል፣ ግራ እጇ ይደነዝዛል። ቁጭ ትላለች፣ ተልባዋን ትጠጣለች፣ ይለቃታል። "አንተ ግን ትንሽ ሲያምህ ከተማ ትነቃንቃለህ" አለችኝ።

መስከረም 28

ሐኪሟ ዶክተር ባሂራ ትባላለች። ልጅ ናት፣ የስልጤ ልጅ። እንዳያት ተናደድኩ፣ እንድሞት ነው እንዴ ተማሪ የሚመድቡልኝ? ስትናገር ግን አትሸፋፍንም። ወደድኳት።

ከቤተሰብ ልብ የሚያመው አለ ወይ አለችኝ። የለም አልኩ። የኛ ቤት ሰው በእርጅና ነው የሚሞተው።

እስክሪብቶዋን ፈታታ ውስጡ ያለችውን ሞላ አወጣች። ልብን የሚመግበው የደም ሥር ጠቦ ከሆነ፣ በፊኛ ከፍተው እንዲህ ያለች የሽቦ ወንፊት እዚያው ይተዋሉ። ሽቦው አንድ ዓይነት አይደለም። ባዶው ሽቦ አለ። እሱን ካስገባሁ ሁለት ዓይነት ኪኒን ለአንድ ወር ያህል እውጣለሁ፣ ከዚያ አንዷን ብቻ። ክፋቱ፣ ሥጋ በላዩ ይበቅልና እንደገና ይጠባል፤ ከአሥር ሰው ሁለቱ ሦስቱ ይመለሳል። መድኃኒት የተቀባው ደግሞ አለ። እሱ ሥጋውን ያግደዋል፣ ተመልሶ የሚጠበው ጥቂት ነው። ግን ሰውነት ሽቦውን ለመሸፈን ይዘገያል። እስኪሸፈን ድረስ ድንገት ደም ሊረጋበት ይችላል። ስለዚህ ሁለቱን ኪኒኖች ስድስት ወር፣ ምናልባት ዓመት።

"አንድ ቀን ቢያመልጠኝስ?"

"አንድ ቀንም እንዳያመልጥዎት።"

ኪኒኖቹ ደም ያቀጥናሉ። ደምቶዎት ያውቃል ወይ ስትለኝ አምና ለጉልበቴ በዋጥኩት ማስታገሻ ሆዴ ደምቶ ደም እንደተሰጠኝ ነገርኳት። እስክሪብቶውን አስቀመጠች። ሐሙስ በእጄ በኩል ቱቦ አስገብታ ብቻ ታየዋለች፣ ሽቦውን አሁን አታስገባም። ሆዴ ይታይ መጀመሪያ። ሽቦው ሕመሙን ያቀልልኛል፣ ዕድሜ ይጨምርልኛል ብላ ግን ቃል አትገባም። ያለ ሽቦ በመድኃኒት ብቻ መኖርም አንድ መንገድ ነው አለች። "ይምረጡ፣ አብረን እንመርጣለን።"

ይታገሱን አስቀርታ አናገረችው። ምን አለችው?

ጥቅምት 2

ከየት ልጀምር። የምጽፈው በራሴ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ነው።

ሐሙስ ታየሁ። ቱቦ የገባበት እጄ ደማና አበጠ፣ እደሩ አሉኝ። ስልኬ ተዘግቶ ይታገሱ ቦርሳ ውስጥ ነበር። እሱ ወጣ ብሎ ለሲፈን ደወለ። ያለውን ነገረኝ፣ ቃል በቃል፦ "ደህና ነው። ትንሽ ደክሞት ነው። ለማንኛውም ኑ።" እውነቱን ነበር። ደህና ነበርኩ፣ ደክሞኝ ነበር፣ መምጣታቸውም ጥሩ ነበር። ከዚያ ታክሲ ውስጥ ስልኩን መነተፉት።

የኛ ሰፈር ደጋግሞ ደወለ። የሱም ዝግ፣ የኔም ዝግ። ስልክ ሲዘጋ ምን ማለት እንደሆነ ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ። ዓርብ ሲነጋ ጡሩምባው ተነፋ።

እኔና ይታገሱ ዓርብ ረፋድ ላይ ሚኒባስ ይዘን ተነሣን። ጥያ ስንደርስ ሁለት ሚኒባሶች በፊት ለፊት መጡ፣ ነጠላ የለበሰ ሰው ጢም ብሎባቸው። ከፊት የተቀመጠው እጁን አናቱ ላይ አድርጓል። የዘመድኩንን ባርኔጣ ያየሁ መሰለኝ። የማን ይሆን አልኩት ይታገሱን። አማተብኩ። "ነፍስ ይማር" አልኩ።

ሬሳዬን ሊያመጡ ሲሄዱ ነበር።

ስልኬን ከፈትኩት። ዝግ ሳለ የተደወለው ሁሉ በመልእክት ገባ፤ አርባ አንድ ጥሪዎች። ሰባቱ የብርሃኔ ናቸው፣ ሁሉም ዓርብ ሲነጋ፣ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ከአርባ። መልሼ ደወልኩ፣ ዝግ ነው። የሲፈንም ዝግ። መብራት ጠፍቶ ይሆናል አልን።

ከመናኸሪያ ባጃጅ ያዝን። ሰፈራችን መግቢያ ላይ ድንኳን አየሁ። የማን ለቅሶ ነው አልኩት ሹፌሩን። ሳይዞር "የጋሽ ሀብተጊዮርጊስ፣ የመርዶ ነጋሪው" አለኝ። ከዚያ በመስታወቱ አየኝ። ባጃጁን መንገድ መሐል አቁሞ ወርዶ ሮጠ።

ሲፈን ጥቁር ለብሳ፣ ፊቷ ተቧጭሮ ተቀምጣ ነበር። አልጮኸችም። መጣች፣ ጆሮዬን ይዛ ቆነጠጠችኝ። አንገቴን አሸተተች። "ትሞቃለህ" አለች። ከዚያ ነው የወደቀችው።

ያልገባኝ ግን አንድ ነገር አለ። እልል ይባላል ብዬ ነበር። አንዷ ጀመረች፣ ሌሎቹ አስቆሟት። ሰዉ እኔን እያቀፈ ልቅሶውን ቀጠለ። ሽማግሌዎች ይታገሱን በክንዱ ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱት። አንድ ጊዜ ሲጮህ ሰማሁ። በዚያች ስልክ ይሄ ሁሉ እንደሆነ ሲነግሩት ደንግጦ ነው አልኩ።

ዛሬ ቤቱ ባዶ ነው። ሲፈን ስለት አለብኝ ብላ በጠዋት ወጣች፣ ይታገሱም የለም፣ ሰፈሩም ጭር ብሏል። ድንኳኑን የሚያፈርስ ሰው ጠፋ። አግዳሚዎቹ እንደተደረደሩ ናቸው። የኔ ፎቶ ትልቅ ሆኖ ታትሞ ጥግ ላይ ቆሟል። ፊት ለፊቱ መቀመጥ አልወደድኩም፣ ጀርባዬን ሰጠሁት። ጀርባ መስጠቱ ደግሞ ባሰ።

ሲፈን አሁን ተመለሰች፣ ሊመሽ ሲል። ጫማዋ ነጭ አቧራ ለብሷል። የኛ ሰፈር አቧራ ቀይ ነው።

ጥቅምት 3

እሑድ። ብርሃኔ አልደወለችም። ስልኳ ዝግ። ልጇ ማስተዋል ዘንድ ደወልኩ። እማዬ ጸበል ገብታለች፣ ስልክ አይያዝም አለችኝ። ድምጿ ጎርንኗል፤ ጉንፋን ነው አለች።

"መኖሬን ሰምታለች?"

"ሰምታለች።"

"ምን አለች?"

"ተመስገን አለች።"

ሰባት ጊዜ ደውላ ሳትጠይቀኝ ጸበል? ቅር አለኝ። ስትመለስ አላነጋግራትም።

ጥቅምት 7

ጎረቤቴ ሸረፋ ለቅሶዬን በስልኩ ቀርጾታል። "ወላሂ ታሪክ ነው ብዬ እኮ ነው" አለኝ። አሳየኝ አልኩት። አመነታ፣ ግን አሳየኝ።

ዘመድኩን ቆሞ ስለኔ ይናገራል። ከመናገሩ በፊት ጉሮሮውን ሁለቴ ጠረገ። ያ የኔ ነው። "ሁላችንም መንገደኞች ነን" ብሎ ዝም አለ፣ መሬት አየ፣ እንደገና ቀና አለ። እሱም የኔ ነው። ዝምታው ሳይቀር የኔ። ዓይኔን ጨፍኜ ስሰማው እኔ ራሴ ነኝ የኔን መርዶ የምናገረው። ሰውነቴን ወረረኝ። አጥፋው ልለው ስል ከድንኳኑ ውጭ አንዲት ሴት ጮኸች። አዲስ ጩኸት ነው፣ ገና መርዶ የሰማ ሰው ጩኸት። ያን እለያለሁ። ድንኳን ውስጥ ያለው ሁሉ ተነሣ። ሸረፋ ስልኩን ነጠቀኝ።

"ማን ናት?" አልኩት።

"ዘመድ መጥቶ ይሆናላ" አለ። ሻይ ሳይጠጣ ሄደ።

ጥቅምት 12

ሆዴን አዩልኝ። ቁስሉ እየዳነ ነው፣ የሆድ መድኃኒት ተሰጠኝ። ቀጠሮዬ ኅዳር 18 ነው። እስከዚያ ምረጥ።

እንግዲህ እንመዝነው። ሲፈን ባዶው ይሁን ትላለች። አምና ያን ጥቁር ደም ያየችው እሷ ናት፣ ዓመት ሙሉ ደም የሚያቀጥን ኪኒን ስትሰማ ተነሥታ ትወጣለች። ሸረፋ የተቀባው ይሁን ይላል። አንድ ጊዜ ገብተህ ውጣ፣ ወር ጠብቆ የሚጠብ ሽቦ ምን ያደርግልሃል ይላል። እሱ ሚስማር የሚገዛ ነው የሚመስለው።

ፋርማሲ ሄጄ ኪኒኗ ዓመቱን ሙሉ ትገኛለች ወይ ብዬ ጠየቅኩ። አለች አለኝ። አንዳንዴ ትጠፋለች። ለስንት ቀን? ለሳምንት ሊሆን ይችላል።

ሐኪሟ አንድ ቀንም ብላለች። የፋርማሲው ልጅ ሳምንት ይላል።

ባዶው ቀስ ብሎ ይጠባል፣ እያመመህ እያወቅኸው። የተቀባው ምንም አይልህም። ኪኒን የጠፋች ሳምንት ድንገት ነው። ቀስ ብሎ የሚመጣን ነገር እመርጣለሁ? ወይስ ምናልባት የማይመጣን? ሰዎችን ለሃያ ዓመት ቀስ አድርጌ ነው የነገርኩት። ለራሴ ግን የትኛው እንደሚሻል አላውቅም።

ጥቅምት 19

ይታገሱ ዛሬ መጣ። ከዚያ ዓርብ ወዲህ ገና ማየቴ ነው። ከስቷል። ቤት ውስጥ ኮፍያ አያወልቅም። ሲቀመጥ ገፋ ብሎበት አየሁት፣ ራሱን ተላጭቷል። ፋሽን ነው አለኝ። ዓይኔን አያይም።

ሲፈን ወደ ጓዳ ስትገባ ጠየቅኩት። "ዶክተሯ ለብቻህ የነገረችህ ምንድን ነው?"

ኮፍያውን ወደ ታች ሳበ። "ደህና ነህ ጋሼ" አለ። "ትንሽ ድካም ነው።"

ሲኒዬን አስቀመጥኩ።

ጥቅምት 20

በየቤቱ ይዤው ስዞር የኖርኩት ቃል የኔን በር አንኳኳ።

ጥቅምት 27

ሃያ ዓመት ፊት አንብቤያለሁ። ቆጣሪም ፊትም። አሁን የሁሉንም አነባለሁ።

ማንም አይከራከረኝም። በአጥር ድንበር ስምንት ዓመት የተኳረፍኩት ሰው በራሱ እግር መጥቶ ይቅር በለኝ አለ። ሴቶች ምግብ ይዘው ይመጣሉ፣ ስገባ ወሬ ያቆማሉ። ሲፈን ጥቁሩን አላወለቀችም። እስክትድን የገባሁት ስለት ነው ትላለች። ትናንት ከጓዳ ስትወጣ ዓይኖቿ አብጠው ነበር፤ ሽንኩርት አለች። ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት አልነበረም።

ነግረውታል ይታገሱን። ነግሯቸዋል እሱ። የማያውቀው የሕመሙ ባለቤት ብቻ። እንዲህ አይደል የምናደርገው?

ዓመት ከሌለኝ የዓመት ኪኒን ለምኔ? ሽቦም አልፈልግም፣ ባዶም የተቀባም። አንዴ አልቅሰውልኛል፣ ይበቃል። ለሲፈን ኅዳር 18 አልሄድም አልኳት። ታለቅሳለች ስል አላለቀሰችም። "እስከ ኅዳር አሥር ብቻ ታገሰኝ" አለች። "ከዚያ በኋላ እናወራለን።"

ኅዳር አሥር ምንድን ነው? በመድኃኔዓለም፣ ምንድን ነው?

እፈራለሁ። መርዶ ነጋሪ የማይፈራ የሚመስለው አለ።

ኅዳር 3

በዘመድኩን ደጅ ሳልፍ ጌሾ ሸተተኝ። ገባሁ። እንስራው ተደርድሯል፣ ሚስቱ የእንሰት ቅጠል ትከድንበታለች። የማን ድግስ ነው አልኳት። ደነገጠች። "የማኅበር" አለች።

ቤት ገብቼ በጣቴ ቆጠርኩ። ጥቅምት 1 አለቀሱልኝ። ከጥቅምት 1 እስከ ኅዳር 10... አርባ።

የኔን አርባ ሊያወጡ ነው? በቁሜ? ሰው እየኖረ ተዝካሩ ይወጣለታል? ድንኳኑ ተተከለልኝ፣ ፎቶዬ ታተመ፣ የሚቀረው ይሄ ነበር። ወይስ... በእርግጥ ጥያ ላይ ከሚኒባሱ ወርጄ ይሆን? እጄን ቆነጠጥኩ። አመመኝ።

ቁጭ አልኩ። ከዚያ ስልኬን አነሣሁ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሰባቱን ጥሪዎች አየኋቸው። አሥራ ሁለት ከአሥር። ከአሥራ አራት። ከአሥራ ዘጠኝ... የመጨረሻው ከአርባ። ያቺ ሴት እስካነሣ ድረስ ሰባ ጊዜ የምትደውል ናት። ስምንተኛው የታለ?

የሲፈን ጫማ ላይ የነበረው ነጭ አቧራ የቆሼ አቧራ ነው።

ቪዲዮው ላይ ያለው አዲስ ጩኸት።

የይታገሱ ራስ።

ሁሉንም ምልክት በትክክል አንብቤ ነበር። ስሙን ብቻ ነው የሳትኩት። ለራሴ ሳዝን፣ ለራሴ ስፈራ፣ ከራሴ ሌላ የሚሞት ሰው መኖሩን ረሳሁ።

ለሲፈን ምንም አላልኳትም። ነገ።

ኅዳር 4

ረቡዕ ነው። ጾም ነው። ግን ቁርስ በላሁ። ሲፈን ዳቦ ስቆርስ አይታኝ ቆማ ቀረች፣ አልጠየቀችኝም።

ፊቴን ታጠብኩ፣ ካፖርቴን ለበስኩ፣ ዘመድኩን ቤት ሄድኩ። ሲከፍት መጀመሪያ እጄን አየ። ባዶ ነው።

"ቁርሴን በልቻለሁ" አልኩት።

ጉሮሮውን ጠረገ፣ አንድ ጊዜ። "ጋሼ፣ ደህና..."

"እሱን አይደለም። ስሟን ጥራ።"

ሁለተኛውን መጥረግ አልቻለም። "እትዬ ብርሃኔ" አለ።

ደፉ ላይ አብረን ተቀመጥን። ሁሉንም ነገረኝ። ዓርብ ሲነጋ የቆሼ ዕድር ደጇ ሄዶ የኔን ሞት ነገራት። አላመነችም። "እሱ ሲሞት ለኔ ሳይነግረኝ?" አለች፣ ሰባት ጊዜ ደወለችልኝ። ከዚያ ነጠላዋን ይዛ መኪና ወደሚገኝበት መንገድ ጀመረች፣ የሚያስቆማት አልተገኘም። መንገድ ዳር ቁጭ አለች። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ተልባ ይምጣላት ያለ ነበር።

እኔ በዚያ ሰዓት እጄ ታስሮ፣ ስልኬ ተዘግቶ ተኝቼ ነበር። ጠዋት ደህና አደሩ ሲሉኝ በጣም ደህና ነኝ ብያለሁ።

ዶክተር ባሂራ ለይታገሱ የነገረችው፣ ሽቦው እስኪገባ እንዳይደነግጥ ነው። ከተማው ሁሉ ቃል ገባ። ባጃጅ ነጂው ሳይቀር። ልቆጣቸው ፈልጌ ነበር። ግን ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያሉት እናት ትዝ አሉኝ፤ ክትፏቸውን እየበላሁ እንኳን አደረስዎ ስላቸው።

ኅዳር 7

አለቀስኩ። ሲፈን አብራኝ። አሁን ጥቁሩ የሁለታችን ነው።

ኅዳር 11

ትናንት ቆሼ አርባዋን አወጣን። የበርበሬው ማሳ ቀልቷል። መደብ ላይ የተልባ ብርጭቆዋ እንደተደፋ አለ፣ ማስተዋል አላነሣችውም።

ይታገሱ ከሰው ተለይቶ ከአጥሩ ሥር ቆሞ ነበር። ሄድኩ። "እኔ ነኝ የገደልኳት" አለ። አርባ ቀን ይሄን ተሸክሞ ነው የዞረው፣ እኔ ደግሞ ሐኪም የነገረችውን ደብቆኝ ነው ስል።

"አንተ እውነቱን ነው የተናገርከው" አልኩት። "ያን ቃል ውሸት ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሃያ ዓመት።"

ኮፍያውን አወለቅሁለት። ፀጉሩ ማደግ ጀምሯል።

ኅዳር 12

ዶክተር ባሂራን ራሴ ደወልኩላት። የእህቴን ነገር ነገርኳት። እጇ ይደነዝዝ እንደነበር፣ ስትቀመጥ ይለቃት እንደነበር። ስለ ቤተሰብ ጠይቄዎት ነበር አለች፣ በቀስታ። አዎ ጠይቃኛለች። ብርሃኔ እሑድ ነግራኝ፣ እኔ ማክሰኞ የለም አልኩ። ተልባ የምትጠጣ እህት በሽተኛ አትመስልም።

ይታገሱና ማስተዋልም ይታዩ አለች።

ከእኔ የተደበቀ ሌላ ነገር ካለ ይነገረኝ አልኩ። "ቁርስ በልቻለሁ።" አልገባትም፣ ግን ነገረችኝ። የፊተኛው ዋናው ደም ሥር ሰማንያ በመቶ ጠቧል። ሌላው ደህና ነው። ያ ብቻ ነው። የምሞት ሰው አልነበርኩም፣ ቢያንስ ከሌላው ሰው በፊት።

ሽቦውን መዘንነው። ከተቀቡት የቅርቦቹን፣ የመድማት ስጋት ላለበት ሰው ሁለቱን ኪኒን ከአንድ እስከ ሦስት ወር ብቻ እየሰጡ ይጠቀሙባቸዋል አለች። ለእኔ ሦስት ወር ታስባለች፣ ሆዴን እያየች፣ የሆድ መድኃኒቱን ሳላቋርጥ። ከደማሁ ይለወጣል። ቃል አትገባም። ቃል አለመግባቷ አሳመነኝ። ሽቦው ሳይገባ የሦስት ወሩን ኪኒን አስቀድሜ ቤት አስገባለሁ። ሳምንት ትጥፋ ከፈለገች።

ሲፈን አሁንም ባዶውን ትመርጣለች። ግን እሄዳለሁ ስላት ጭንቅላቷን በእሺታ ነቀነቀች።

ኅዳር 19

ገባ። ትናንት። ነቅቼ ነበር፣ ቴሌቪዥን በመሰለው መስኮት ላይ የራሴን ልብ አየሁት። ጠባቧ ቦታ ከፈት ስትል አየሁ። ምንም አልተሰማኝም፣ ያ ነው የሚገርመው።

ይታገሱ ስልኩን አወጣ፣ ለቤት ልደውል ወይ አለ። ሁለታችንም ስልኩን አየነው። ስጠኝ አልኩት።

ሲፈን አነሣች። ትንፋሿ ይሰማኛል።

ደህና ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ። ትንሽ ደክሞኝ ነው ልል። እውነት ነው፣ ደክሞኛል። ግን አልወጣም። ያ ቃል ለኔ አልቋል። ምን ይባላል ታዲያ? አንድ ሰው በሕይወት ሲኖር ምን ይላል?

"የጓዳውን አምፖል አጥፍተሻል?" አልኳት። "ቆጣሪው በከንቱ እየዞረ ነው።"

ሠላሳ አምስት ዓመት የነዘነዝኳት ነገር ነው። ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች። "አለህ" አለች።

ታኅሣሥ 12

ዕድሩ አዲስ ደንብ አወጣ፣ ዘመድኩን ነው ያመጣው። በሕይወት ያለ ሰው ራሱ ስልኩን ይዞ ይናገር። እኔ መርዶ ማድረስ ትቻለሁ። ዘመድኩን ጉሮሮውን አሁን አንዴ ብቻ ይጠርጋል።

የብርሃኔን ሰባት ጥሪዎች አላጠፋኋቸውም። እሑድ ሲሆን ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠዋለሁ። አይጮህም። አውቃለሁ፣ ግን አስቀምጠዋለሁ።

ደረቴ ዳገቱን ያለችግር ይወጣል። ኪኒኖቹ ከምግብ በኋላ ስለሆኑ፣ ጾም ቢሆንም የንስሐ አባቴ ጠዋት እንድበላ ፈቅደዋል። ሲፈን አንድ ቀንም አልዘነጋችም። ገና ከማዕድ ሳልነሣ ሁለቱን ኪኒን በመዳፏ ይዛ፣ በሌላ እጇ የውሃ ብርጭቆ፣ ደፍ ላይ ትቆማለች።

"ቁርስ በልተሃል?"

በየጠዋቱ። በየጠዋቱ መጀመሪያ እጇን አያለሁ። ቀጥላ የምትናገረውን እጠብቃለሁ።

ምንም አትጨምርም። ውሃውን ታቀብለኛለች።